ገመድ፥ ሐዲድና ካርታ፤ የምድር ልኬት ታሪክ በጨርጨርና በአሰቦት ግርጌ

ከድሬዳዋ ተነሥቶ በአሮጌው ባቡር ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረ ሰው፥ ሚኤሶን አልፎ ወደ አዋሽ ሲያዘግም፥ ከሜዳው ለብቻው ብድግ ብሎ የቆመውን የአሰቦትን ተራራ ያይ ነበር። በስተ ግራው ደግሞ የጨርጨር ደጋ እንደ ግንብ ተገትሮ አብሮት ይጓዛል። በላይ ቡናና ማሽላ፥ በታች ግራርና ግመል ነው። ባቡሩ ግን ይህን ደጋ አንድ ጊዜም ሳይወጣው በግርጌው በግርጌው ያልፍ ነበር። ይህም ልኬት የወሰነው ነገር እንጂ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ከባቡሩ በፊትም ሆነ በኋላ፥ በዚህ አገር ገበሬው የሚከፍለው ግብር፥ ነጋዴው የሚቆጥረው መንገድ፥ ገዥው የሚቆረቁረው ከተማ ሁሉ ምድሩ በምን እንደ ተለካ ይለያይ ነበር። ልኬቱ ከሰው አካል ወደ ገመድ፥ ከገመድ ወደ ሐዲድ፥ ከዚያም ወደ ካርታ ሲሻገር የጨርጨር ዳገት ሳይከራከረው ያለፈ መለኪያ አልነበረም።

በመጀመሪያ ስለ ምድሩ ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የሐረርጌ ደጋ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ነው፤ የኖራ ድንጋዩም ይህ አገር በባሕር ተሸፍኖ በነበረበት በጥንት ዘመን የተነጠፈ ነው። በምዕራቡ ወገን፥ በጨርጨር በኩል፥ በዚህ ንጣፍ ላይ ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የወጣ ጥቁር ድንጋይ በብዙ ስፍራ ተደርቦበታል። ከደጋው በስተ ሰሜን ያለው ምድር ተሰብሮ ወደ ታች የወረደ ነው፤ ይኸውም ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ወደ አፋር የሚሰፋበት ክፍል ነው። የአሰቦት ተራራ በዚህ ስብራት አጠገብ የተነሣ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው፤ የአፍደም ተራራም ወንድሙ ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ የጨርጨር ዳገት ተራ ኮረብታ ሳይሆን የአንድ ትልቅ የምድር ስንጥቅ ከንፈር ነው።

በጥንቱ ልማድ የመለኪያው ሁሉ መነሻ ሰው ራሱ ነበር። ጣት፥ ጋት፥ ስንዝር፥ ክንድ፥ ርምጃ ከሰውነት የወጡ ናቸው። በጨርጨር የሚኖረው የኢቱ ኦሮሞም ክንዱን «ዹንዹማ»፥ ስንዝሩን «ታኩ» ይለዋል፤ ቋንቋው ቢለያይም ልኩ ያው የሰው እጅ ነው። ረጅም ዘመንም በገዳ ይቆጠር ነበርና፥ ኦዳ ቡልቱም ላይ የሚሰበሰቡት አባቶች በየ8 ዓመቱ የሚለዋወጠውን የሥልጣን ተራ እንደ ዘመን መለኪያ ይጠቀሙበት ነበር። መንገድ በቀን ይቆጠራል፤ «የሁለት ቀን መንገድ» ሲባልም ዳገቱ፥ የወንዙ መሙላትና የአህያው ጭነት ሁሉ አብሮ ተቈጥሮ ነው። የእርሻ ልክ የሆነው ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ነው። በሜዳ ላይ ጥማዱ ሰፊ ነው፤ በዳገት ላይ በሬው ቶሎ ስለሚደክምና ድንጋዩ ስለሚበዛ ይጠባል። የዛሬ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችል ይሆናል። ነገር ግን ጥማድ ድካምን ይለካ ስለ ነበር፥ በዳገት የሚያርሰውን ሰው በሜዳ ከሚያርሰው ጋር በቀን ሥራ ያስተካክለው ነበር።

በቤተ ክርስቲያንም በኩል መለኪያው ከሰውነት የራቀ አልነበረም። አሰቦት ደብረ ወገግ የአቡነ ሳሙኤል ገዳም ነው። በኢትዮጵያ ገዳማት ሰዓት ይታወቅ የነበረው ሰው በፀሐይ ቆሞ ጥላውን በራሱ እግር እየለካ ነው፤ ጥላው በየወሩ በየሰዓቱ ስንት ጫማ እንደሚሆን የሚያስረዳ ሠንጠረዥ በባሕረ ሐሳብ መጻሕፍት ይገኛል። ረጅም ሰው ረጅም ጥላ፥ ነገር ግን ረጅም እግርም ስላለው ስሌቱ ከሰው ወደ ሰው እምብዛም አይዛነፍም። ይህ የረቀቀ ዘዴ ነው። የንግድ ሚዛን ግን እንዲህ አልተስማማም። የሐረርጌ ቡና ይመዘንበት የነበረው ፈረሱላ ከህንድ ውቅያኖስ ንግድ ጋር የመጣ ስም ሲሆን፥ በቡና ንግድ 17 ኪሎግራም ሆኖ ቢጸናም፥ ቀድሞ ከገበያ ገበያ፥ ከዕቃ ዕቃ ይለያይ ነበር። ልዩነቱም ብዙ ጊዜ ለገዢው እንጂ ለሻጩ አያደላም።

ቃላድ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ቃላድ ከ66 እስከ 67 ሜትር ያህል የሚረዝም ገመድ ወይም ጠፍር ነው፤ መሬት በእርሱ እየተለካ በጋሻ ይከፈል ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በማእከላዊው መንግሥት ሥር የገቡ የደቡብና የምሥራቅ አገሮች በየጊዜው ቃላድ ተጥሎባቸዋል፤ «ቃላድ የተጣለበት አገር» ማለትም መሬቱ ተለክቶ፥ ከፊሉ ለባላባቱ፥ የቀረው ለመንግሥትና ለመንግሥት ሰዎች የተደለደለበት አገር ማለት ሆነ። አንድ ጋሻ ኋላ በሄክታር ሲመነዘር 40 ሄክታር ተብሏል፤ ነገር ግን ለም መሬት ሲሆን ጋሻው በጥቂት ቃላድ፥ ጠፍ ሲሆን በብዙ ቃላድ ይሞላ ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅም ሐረርጌን ጨምሮ በተለኩ አገሮች ግብሩን በጋሻ ቈርጦ፥ መሬቱን ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎታል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል ያስፈልጋል። ገመድ ሲጣል ምድሩን ተከትሎ ይተኛል። በሜዳ ላይ ይህ ችግር የለውም። በዳገት ላይ ግን ገመዱ የሚለካው ተዳፋቱን እንጂ በካርታ የሚታየውን ጠፍጣፋ ርቀት አይደለም። 30 ዲግሪ በተዳፋ ጎን ላይ የተጣለ 67 ሜትር ቃላድ በጠፍጣፋ ልክ 58 ሜትር ብቻ ይሆናል። በአንድ ወገን እንዲህ ባለ ዳገት የተለካ 40 ሄክታርም በካርታ ላይ ከ35 ሄክታር አያልፍም። የለምነት ደረጃ አፈሩን ይመለከታል፤ ገመዱ ራሱ ግን ዳገትን ከሜዳ መለየት አይችልም። ስለዚህ በጨርጨር ጎን ላይ የሚኖር ገባር፥ በሬው የማይወጣውን ገደል ጭምር በጋሻ ቈጥሮ መክፈል ሊደርስበት ይችል ነበር። በጥማድ ይቆጠርለት የነበረው ድካም በቃላድ ተቀማበት ማለት ነው። በዚህ ላይ የገመዱ ርዝመት በዝናብና በፀሐይ ይለዋወጣል፤ ጫፉን የሚይዘው ሰው ሊያላላው ወይም ሊስበው ይችላል። ቃላድ ጣዩ በባላገሩ ዘንድ መፈራቱ፥ ግብዣም እንዲበዛለት መደረጉ ከዚህ የተነሣ ነው።

በቃላድ የተለካው መሬት ግን በካርታ ላይ አልሰፈረም። ልኩ በመዝገብ፥ ድንበሩ በሰው ልብ ይኖር ነበር። ይህን አገር በወረቀት ላይ ለመሣል የሞከሩት መንገደኞች ናቸው። ቀደም ሲል አንትዋን ዳባዲ የተባለው ምሁር በሰሜን ኢትዮጵያ ከተራራ ወደ ተራራ በማዕዘን መለኪያ እያነጣጠረ ዓመታት ፈጅቶ ነበር፤ ጨርጨር ግን ከሥራው ውጭ ቀርቷል። ሐረር በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ እጅ ከገባች በኋላ ከሸዋ በጨርጨር በኩል የሚያልፈው የደጋ መንገድ ለመንገደኛ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው መንገደኛ ዡል ቦሬሊ እና የኋላ ኋላ በገጣሚነቱ ዝናው የገነነው ነጋዴ አርቱር ራምቦ ከእንጦጦ ተነሥተው በኢቱ አገር አቋርጠው ሐረር ገቡ። ራምቦ መንገዱን ቀን በቀን፥ በኪሎሜትር ግምት ጽፎ ለአሠሪው ለነበረው ነጋዴ ላከው፤ ጽሑፉም በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር እጅ ገብቶ ታተመ። ቦሬሊም ጉዞውን ከካርታዎች ጋር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1890 አሳተመ። በራምቦ ዝርዝር ውስጥ «የቀን መንገድ»ና ኪሎሜትር ጎን ለጎን መቆማቸው ልብ ይባላል፤ አንዱ ልክ ሌላውን ገና አላባረረውም።

በዚያ ዘመን መንገደኞች ከፍታን የሚለኩት በባሮሜትር፥ ያለዚያም ውሃ በሚፈላበት ሙቀት ነበር። ወደ ላይ በተወጣ መጠን አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ወደ 300 ሜትር በተወጣ ቁጥር በ1 ዲግሪ ይቀንሳል ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ከ1,800 ሜትር በላይ በምትገኘው በጭሮ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላ በደጋ ቶሎ አይበስልም የሚሉ የጨርጨር ሴቶች ይህንኑ ሕግ ያለ ሙቀት መለኪያ ያውቁታል።

ከፍታ ለመንገደኛ የእውቀት ጉዳይ ሲሆን ለባቡር መሐንዲስ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተጀመረው ሐዲድ አስቀድሞ ሐረር ይደርሳል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን የተራራው አቀበት ወጪውን ስለሚያበዛው ሐረር ከላይ ቀረች፥ በግርጌዋም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲቀጥልም ያው ምክንያት ሠራ፤ ሐዲዱ ቡና የሚበቅልበትን፥ ሰው የበዛበትን የጨርጨርን ደጋ ትቶ በቆላው፥ በአፍደም፥ በሚኤሶና በአሰቦት ጣቢያዎች በኩል ወደ አዋሽ ወረደ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎሜትር ያህል ነበር። በዚህ ምክንያት የሰው ብዛት በላይ፥ የመጓጓዣው ኃይል በታች ሆነ። የጨርጨር ቡና ለዓለም ገበያ ለመድረስ አስቀድሞ ወደ ቆላ መውረድ አለበት።

በዚህ ሐዲድ ሜትር የሚባለው ልክ በአገሩ ምድር ላይ በግልጽ ተነጠፈ። በሁለቱ ብረቶች መካከል የነበረው ስፋት ልክ 1 ሜትር ነውና፥ በአሰቦት ጣቢያ ከብቱን የሚያሻግር እረኛ ስሙን ባያውቀውም ሜትሩን ይረግጠው ነበር። ሜትርም ከማንም ሰው ክንድ አልወጣም። የፈረንሳይ ሊቃውንት በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከምድር ወገብ እስከ ሰሜን ዋልታ ያለውን ርቀት ለ10,000,000 ከፍለው አንዱን እጅ ሜትር ብለውታል። በዚህ ላይ የጨርጨር አገር ያጋጠመው ነገር ያስገርማል። ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ 90 ዲግሪ ነው፤ አዲስ አበባም የጨርጨር ዋና ከተማም ከ9ኛው ዲግሪ መስመር ጥቂት ብቻ ወደ ሰሜን ፈንጠር ብለው ይገኛሉ፤ አሰቦትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። 9 የ90 አንድ ዐሥረኛ ነው። ስለዚህ ከ9ኛው ዲግሪ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት 1,000 ኪሎሜትር ሊሆን ይገባ ነበር፤ በእውነቱ 995 ኪሎሜትር ያህል ነው። የጎደለው የመለኪያ ስሕተት አይደለም፤ ምድር በዋልታዎቿ ጠፍጠፍ ያለች ስለሆነች ከምድር ወገብ አጠገብ ያለው ዲግሪ ከዋልታው አጠገብ ካለው ያጥራል።

ባቡር ሰዓትንም አንድ አድርጓል። ምድር በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ትዞራለች፤ አሰቦትም ከአዲስ አበባ 2 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ እዚያ ወደ 8 ደቂቃ ቀድማ ትወጣለች። ጥላውን በጫማ ለሚለካው መነኩሴ ይህ ምንም አይደለም፤ እያንዳንዱ ደብር የራሱ ቀትር አለው። በባቡር መርሐ ግብር ግን የአሰቦትና የአዲስ አበባ ቀትር አንድ መሆን ግድ ነው።

ጨርጨር በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ ያገኘው በሁለት ገዥዎቹ ነው። የመጀመሪያው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተምረዋል፤ መድፈኛ ያለ ማዕዘን፥ ያለ ርቀትና ያለ ካርታ ምንም ሊሠራ አይችልምና፥ ወደ አገር አስተዳደር ሲመጡ የልኬት ልማድ ይዘው መጡ። በ1910ዎቹ ጨርጨርን ሲገዙ አሰበ ተፈሪን በታሰበ አቀማመጥ አስቆረቆሩ። በብዙ ከተሞቻችን የገዥው ግቢ በኮረብታው ራስ፥ ሕዝቡ በዙሪያው እንዳመቸው ይሰፍር ነበር፤ በዚህች ከተማ ግን መንገዱ ቤቱን ቀደመ። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ረቂቅ የእኚሁ ሰው ሥራ መሆኑ ሲታሰብ፥ ከተማውም ሕጉም የአንድ አእምሮ ልጆች መሆናቸው ይታያል። ከተማዋ ኋላ ስሟ ተለውጦ ጭሮ ተብላለች።

ሁለተኛው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በመቅደላ ጦርነት ጊዜ ሕፃን ሳሉ በእንግሊዞች ተወስደው በህንድ አድገው ሐኪም ሆነው ተመለሱ፤ ስለ ጣና ግድብ ጉዳይም ወደ አሜሪካ ተልከዋል። በ1920 ዓ.ም. የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፈው አሳትመዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የጨርጨር ገዥ ሆኑ። ከዓለም ጂኦግራፊ ጸሓፊነት የአንድ አውራጃን ዳገት ወደ ማስተዳደር መውረድ ብዙ ሰው የማያገኘው ዕድል ነው። በገዥነታቸው ጊዜ መንገድ ማሠራትን ዋና ሥራቸው አደረጉ፤ ደጋውን ከሚኤሶ ጣቢያ ጋር የሚያገናኘው መንገድም ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ነበር። ባቡሩ በአቀበቱ ምክንያት የተወውን ደጋ፥ መንገድ እየተጠማዘዘ እንዲደርስበት ማድረግ ማለት ነው። ጨርጨር በዚያ ዘመን የአብነት አውራጃ መባሉ በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች ድካም ነው። ሆኖም መሬቱን ከቃላድ ሥርዓት ያወጣው አልነበረም፤ ከተማው በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ማሳው በገመድ ቀረ።

ስለ ጂኦግራፊ መጽሐፍ ከተነሣ ስለ ቃላቱም አንድ ነገር መናገር ይገባል። በዛሬው አማርኛ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያለው ልክ ኬክሮስ፥ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ያለው ኬንትሮስ ይባላል። ነገር ግን ኬክሮስ በባሕረ ሐሳብ የዕለት 60ኛ ክፍል፥ ይኸውም 24 ደቂቃ ነው። በ24 ደቂቃ ምድር 6 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ትዞራለች። እንግዲህ የጊዜ ስም የነበረው ቃል ከጊዜ ጋር ለሚያያዘው ለኬንትሮስ በተገባ ነበር፤ ለሌላው ተሰጠ። ቃላቱ ጸንተዋልና አሁን መመለስ አይቻልም።

መላው አገር በካርታ መሣል የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የካርታና የጂኦግራፊ ተቋም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ተመሠረተ፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገ የካርታ ሥራ ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ እየተነሣ፥ በመሬትም ላይ ነጥቦች እየተተከሉ ልኬቱ ተስፋፋ። ሜትርና ኪሎግራም በሕግ የአገሩ መለኪያ እንዲሆኑ የወጣው ዐዋጅም በአውሮፓ አቆጣጠር የ1963 ነው። ከ50,000 እጅ አንዱ በሆነው ካርታ ላይ 1 ኪሎሜትር 2 ሳንቲሜትር ነው፤ አንድ ጋሻ ሙሉ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። በዚህ ወረቀት የጨርጨር ዳገት በመጨረሻ ታየ፤ እኩል ከፍታ ያላቸውን ስፍራዎች የሚያያይዙት መስመሮች በሜዳው ላይ ተራርቀው፥ በደጋው ጠርዝ ላይ እንደ ሹሩባ ተጠጋግተው ይታያሉ፤ አሰቦትም በክብ በክብ ተከቦ ብቻውን ይቆማል። ነገር ግን ካርታ ጠፍጣፋ ስለሆነ ስፋትን ሲያሰሉበት ዳገቱን ይተዋል። ቃላድ ዳገቱን በገባር ላይ ይቆጥር ነበር፤ ካርታ ደግሞ ጨርሶ አይቆጥረውም። በእርከን ላይ ቡና ለሚተክል ሰው ሁለቱም ድካሙን አይለኩለትም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ የጋሻን ባለቤትነት አስቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠውም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ሲወስን፥ ሄክታር በሕጉ ውስጥ ጋሻን ተካው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ደግሞ የ1 ሜትሩን ሐዲድ በ1 ሜትር ከ43 ሳንቲሜትር ተኩል ሐዲድ ለውጦታል፤ እርሱም የጨርጨርን ደጋ በግርጌው ነው የሚያልፈው። በነዚህ ሁሉ ጊዜያት ምድሩም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በሳተላይት በሚደረግ ልኬት ከስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ያሉት ደጋዎች በየዓመቱ 5 ሚሊሜትር ያህል እንደሚራራቁ ታውቋል። የመጀመሪያው ባቡር አዲስ አበባ ከገባበት ጊዜ ወዲህ በጨርጨር ጠርዝና በሸዋ ጠርዝ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሜትር ገደማ፥ ይኸውም በአሮጌው ሐዲድ ስፋት እኩሌታ፥ አድጓል ማለት ነው።

በቅርብ ዓመታት በገጠር የሚሰጠው የይዞታ ደብተር በሁለት ደረጃ ተሠርቷል። መጀመሪያ የተሰጠው ካርታ አልነበረውም፤ ድንበሩ በምሥራቅ እገሌ፥ በምዕራብ እገሌ ተብሎ በጎረቤት ስም ይጻፍ ነበር። ሁለተኛው ከአየር ወይም ከሳተላይት በተነሣ ሥዕል ላይ ይሠራል። ሥዕሉ ከላይ ስለሚታይ ማሳውን ሁሉ ያሳያል፤ ከሁለት ጎን ለጎን ማሳዎች መካከል የትኛው ቦይ ድንበር፥ የትኛው የውሃ መውረጃ ብቻ እንደ ሆነ ግን አይናገርም። ስለዚህ ባለሙያው መስመሩን የሚያሰምረው ባለ ይዞታውና ጎረቤቶቹ በማሳው ላይ ቆመው በጣታቸው ካመለከቱለት በኋላ ነው።